ምስክሩ ዝም ያለ ዕለት

በሰቆጣ የእንስሳት ክሊኒክ፣ የክትባቱ ፍሪጅ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። ዶክተር እታገኝ ነበረች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች የእንስሳት ሐኪም፣ ትውልዷ ግን ከዚሁ ከዋግ፣ ከሰሃላ። ደሳለኝ ነበረ፤ የክሊኒኩ የእንስሳት ጤና ረዳት። ቄስ መርሻ ነበሩ፤ ዶሮ እየሞተባት ከነበረችው የሰቆጣ ዙሪያ መንደር "የሚሠሩትን ሁሉ አይተው ይንገሩን" ተብለው በምስክርነት የተላኩ። እትየ ብርቄ ነበሩ፤ የዚያችው መንደር ሰው፣ በሽታው መጀመሪያ የገባው በእሳቸው ቤት ነው። አቶ ጌታሁን ነበሩ፤ በሽታውን ለመከላከል የተቋቋመው ኮሚቴ ሰብሳቢ። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ሬዲዮና የኤሌክትሪክ ዕቃ እጠግናለሁ፤ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁትም፣ የተበላሸ እየፈታሁ ነው የለመድሁት።

ባለፈው ሰሞን ደሳለኝ መጥቶ ከሱቄ በር ላይ ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። ባርኔጣውን ለማንም የሚያወልቅ ሰው አይደለም።

"እታገኝ አረፈች" አለኝ።

"የትኛዋ?"

"የኛዋ።"

እሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ እኔም የፈታሁትን ሬዲዮ መልሼ ሳልገጥም ጨርቅ አለበስሁት።

በሕይወት ሳለች አንቱ መባል አትወድም ነበር። "አንቱ ስትለኝ ከአጠገቤ የሸሸህ ይመስለኛል" ትል ነበር። ስለዚህ እዚህም እንደ ወደደችው እጽፋለሁ። ያወቅኋት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ነገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ብዙ ሰዎች ፊታቸው ከሐሳቤ ሲደበዝዝ፣ የእሷ የእጅ አያያዝ እንኳ አልጠፋኝም።

ዓመቱ ሬዲዮ ሁሉ ስለ ወፍ ጉንፋን የሚያወራበት ነበር። በሩቅ አገር በጅምላ ስለ ተቃጠሉ ዶሮዎች፣ ከዶሮ ተይዘው ስለ ሞቱ ሰዎች ይነገራል። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ፣ በዚያች መንደር ዶሮ አንገቱን እየጠመዘዘ ይወድቅ ጀመር። ሽማግሌዎቹ "ፈንግል ነው፤ የዱሮ ጠላታችን" አሉ። ፈንግል ዶሮን ይፈጃል እንጂ ሰውን አይገድልም። ሬዲዮ የሚሰሙት ግን "የለም፣ ያ የሚሉት ነው የመጣው" አሉ። ሁለቱን በሽታዎች በዐይን አይቶ መለየት አይቻልም።

ፋሲካ እየቀረበ ነው፤ ሰው ሁሉ ዶሮ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባበት ጊዜ። የወፍ ጉንፋን ሆኖ ሳለ የለም ከተባለ፣ ሰው በገዛ እጁ ሞትን አርዶ ይገነጥላል። ሳይሆን ነው ከተባለ ደግሞ፣ የታመመውም ጤነኛውም፣ የመንደሩ ዶሮ በሙሉ ተገድሎ ጉድጓድ ይገባል። ኮሚቴው ጉድጓዱን አስቆፍሯል። በዚያች መንደር ዶሮ ማለት ለብዙ ሴቶች የጨዋቸው፣ የሳሙናቸው፣ የልጆቻቸው ደብተር ማለት ነው። ለእትየ ብርቄ ደግሞ ባላቸው ካረፉ ወዲህ የቀራቸው ሀብት እሱ ብቻ ነበር።

ዶክተር እታገኝ ሁለት ሳጥን ይዛ በመኪና መጣች። መንደሩ ስትገባ ደሳለኝ አብሯት ነበርና እሱ የነገረኝን ልጻፍ። አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ጓንት አጥልቃ ስትመጣ እትየ ብርቄ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋት።

"ፊትሽን ተሸፋፍነሽ ትመጪብኛለሽ? ሐኪም ነሽ ወይስ ቀማኛ?"

እሷ በዋግ አገው ቋንቋ፣ በኽምጠኛ መለሰችላቸው። ምን እንዳለች ደሳለኝ አልሰማም፤ ብቻ እትየ ብርቄ ሳቃቸው አምልጧቸው፣ በሩን ለቀቁላት። ከዚያ የታመመችውን ዶሮ አንሥታ በብብቷ ሸጎጠች፤ በመዳፏ የዶሮዋን ዐይኖች ሸፈነች። ዶሮዋ ጸጥ እስክትል ምንም አላደረገችም። ጸጥ ስትል፣ ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን ዘንግ ከጉሮሮዋ ጠራርጋ ወሰደች። ጥጡንም ወዲያው ቫይረሱን በሚገድል ፈሳሽ ውስጥ ከተተችው። "ይገድለዋል፣ ጽሑፉን ግን አያጠፋውም" ብላ ነበር ለደሳለኝ። ጽሑፍ ያለችው ምን እንደሆነ ያኔ አልገባውም።

ከናሙናው ግማሹን ሾፌሩ ይዞት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። መልሱ ግን ቶሎ አይደርስም። ግማሹን ይዛ እሷ ሰቆጣ ቀረች፤ ከሳጥኖቿ በአንዱ ውስጥ ሥራውን እዚሁ የሚሠራ ትንሽ ማሽን ነበራት።

ማሽኑ አንድ ሰዓት እንኳ አልሠራም። ያን ሰሞን የከተማው መብራት ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ይዘልል ነበር። እኔን ሲጠሩኝ ክፍሉ ውስጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ክዳኑን ከፍቼ አየሁት።

"ይድናል?" አለችኝ። እንደ ታማሚ ነበር የጠየቀችኝ።

"አይድንም። ሙቀቱን የሚያዝዘው ክፍል ነው የነደደው። ምትኩ እዚህ የለም።"

"ርግጠኛ ነህ?"

"ርግጠኛ ነኝ።"

"ጥሩ። የሚያጽናና ሰው ልከውብኝ ቢሆን ቀኔን ይፈጅብኝ ነበር።" ባዶው ሳጥን ላይ ተቀመጠች። "ምን ይሠራ እንደነበር ታውቃለህ? ያፈላል፣ ያበርዳል፣ ያሞቃል። እንደገና ያፈላል፣ ያበርዳል፣ ያሞቃል። ሌላ ምንም አያውቅም።" እጆቿን አየቻቸው። ከዚያ ወደ ደሳለኝ ዞረች። "ድስት አላችሁ?"

በማግሥቱ ሦስት የከሰል ምድጃ፣ ሦስት ድስት፣ ብዙ ጀሪካን ውኃ ወደዚያች ክፍል ገባ። ብልቃጦቹ ከጣት ጫፍ ያነሱ ናቸው። እነሱን ሰብስቦ የሚይዝ ቅርጫት ከሽቦ ሠራሁላት። ሁለት ጊዜ አስፈታችኝ። "ሁሉም ብልቃጥ እኩል መጥለቅ አለበት፤ አንዱ ቢያዘነብል ውሸት ይናገራል" አለችኝ። በሦስተኛው ላይ ቅርጫቱን በመስኮቱ ብርሃን ፊት አንሥታ ከሁሉም ጎን አየችውና ራሷን ነቀነቀች። ለኔ ያ ንቅነቃ የምስክር ወረቀት ነው።

ቄስ መርሻ በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና "ሐኪሟ፣ እኔ ለምስክርነት ነው የተላክሁ" አሏት። "ያልገባኝን አልመሰክርም። አስረጂኝ።"

ሥራዋን አቋርጣ ከፊታቸው ቆመች።

"አባ፣ በዚች ብልቃጥ ውስጥ ከእትየ ብርቄ ዶሮ ጉሮሮ የወጣ ነገር አለ። የወፍ ጉንፋኑ ቫይረስ ካለበት፣ የቫይረሱ ጽሑፍም አለ። ሕይወት ያለው ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበት ጽሑፍ በውስጡ አለው።"

"ጽሑፍ ከሆነማ አንብቢና ንገሪን።"

"እጅግ ትንሽ ነው፤ አይታየኝም። ስለዚህ አስገለብጠዋለሁ፤ በዝቶ በዝቶ በዐይን እስኪታይ።"

"ማን ይገለብጠዋል?"

ከበረዶው ውስጥ አንዲት ብልቃጥ አንሥታ አሳየቻቸው። "ጸሐፊዬ እዚህ ውስጥ ነው። ሁሉን አይገለብጥም። መነሻ ቃልና መድረሻ ቃል ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱን ካገኘ በመካከላቸው ያለውን ይጽፋል፤ ካላገኘ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ቃሎቹ የኢንፍሉዌንዛ፣ የዚያ የጉንፋኑ ወገን ናቸው፤ በፈንግል ጽሑፍ ውስጥ አይገኙም።"

"ድስቱስ?"

"ጽሑፉን አስቀድሜ ጥንድ አደርገዋለሁ፤ ሁለት ገጽ ሆኖ ይጣበቃል። ስናፈላው ይላቀቃል። ስናበርደው መነሻውና መድረሻው ቦታቸውን ይይዛሉ። ስናሞቀው ጸሐፊው ይጽፋል። አንዱ ሁለት ይሆናል። ደግመን ስናፈላው ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት።"

"እስከ ስንት ዙር?"

"እስከ አርባ።"

ቄስ መርሻ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት... ጥቂት ሄደው ጣት አለቀባቸው፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ቆጠራውን ትተው እጃቸውን ዘረጉ።

"ዕፁብ!" አሉ። "አርባኛው ላይማ አሸዋም አይተካከለው።"

"እኔም የዛሬ ስንት ዓመት መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ እንዲሁ ነው ያልሁት፤ ዛሬም አልለመድሁትም" አለች።

ቆጠራውን ቄስ መርሻ ለራሳቸው ወሰዱት። ከእጃቸው የማይለይ አርባ አንድ ፍሬ ያለው መቁጠሪያ ነበራቸው፤ በእያንዳንዱ ዙር አንዲት ፍሬ እየሳቡ "ኪራላይሶን" ይላሉ። "አርባ አንደኛዋ ፍሬ ግን ምን ትሁን?" ብለው ጠየቁ። "አንድ ዙር ቢጨመር ጸሐፊው አይከፋውም" አለችና እስከ አርባ አንድ እንዲሆን ተስማሙ።

የሚፈላውን ድስት እትየ ብርቄ ያዙ። ማንም አላዘዛቸውም፤ "በኔ ዶሮ ላይ የምትፈርድ እሳት እኔው እይዛታለሁ" ብለው ቁጢጥ አሉ። ደሳለኝ የሚያበርደውን፣ እኔ የሚያሞቀውን። ቀዝቃዛና ሙቅ ውኃ በጣሳ እየጨመርን ልኩን እንጠብቃለን። በየብልቃጧ ላይ እንዳይተን አንዳንድ ጠብታ ፈሳሽ ፓራፊን አደረገችበት፤ ክሊኒኩ ለሆድ ድርቀት ለከብት የሚሰጠው ነው። መጀመሪያ የቫይረሱን ነጠላ ገጽ ጥንድ የሚያደርገው ሥራ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተሠራ። ከዚያ ሰዓቷን ከእጇ አውልቃ ፊት ለፊቷ መደርደሪያ ላይ አስደግፋ ጀመረች።

እጇን ማየት ነበረባችሁ። ቅርጫቱ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ሲሻገር አይወዛወዝም። አትቸኩልም፣ ደግሞም አትዘገይም። ቄስ መርሻ ኪራላይሶን ሲሉ እሷ ወደ ፈላው ትመለሳለች። አቶ ጌታሁን በር ላይ ቆመው ነበር፤ ከጊዜ በኋላ እሳቸውም ጀሪካን ማቀበል ጀመሩ።

ሲያልቅ፣ ከብልቃጦቹ የተወሰደው በረጋ ጄሊ ላይ በረድፍ በረድፍ ገባ። በጄሊው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የተገለበጠው ጽሑፍ እየተጎተተ ይሄዳል፤ በዝቶ ከተገኘ አንድ መስመር ሠርቶ ይታያል። የከተማውን መብራት ዳግመኛ ልታምነው አልፈለገችም። ከየሱቁ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሰብስቤ በአንድ መስመር ደረደርሁላት፤ በቃው። ጽሑፉን የሚያበራውን ቀለም ግን ማናችንንም አላስነካችም። "የሰውንም ጽሑፍ ይይዛል" አለች።

መስኮቱን በቄስ መርሻ ጋቢ ጋረድነው። ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጠውን ትንሽ መብራት አበራችና ጎንበስ አልን።

ምንም የለም። ከዳር እስከ ዳር ጨለማ።

"የለም!" አሉ አቶ ጌታሁን። "ተመስገን! ዶክተር፣ በቃ፣ ነጻ ወጣን!"

እትየ ብርቄ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን አነሣች።

"እትየ፣ ቆዩ።" ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። "ይህ የመጨረሻው ረድፍ የዶሮ አይደለም። በሽታ የማያመጣ የኢንፍሉዌንዛ ጽሑፍ ቁራጭ በገዛ እጄ የጨመርሁበት ነው። ሥራው ልክ ከሆነ እሱ መብራት አለበት። ምስክሬ ነው። ምስክሬ ዝም ብሏል።"

"እና?" አሉ አቶ ጌታሁን።

"የሚያውቀው ዝም ካለ፣ የዶሮዎቹን ዝምታ እንዴት አምናለሁ? አላየሁም ማለት እችላለሁ። የለም ማለት አልችልም።"

"እንግዲያው አላየሁም በይና ፈርሚልን፤ የለም የሚለውን እኛ እንላለን።"

"ከፊርማዬ በታች የምትሉት የኔ ቃል ነው አቶ ጌታሁን።"

አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰውም ዶሮም እንዲተርፍላቸው ይፈልጉ ነበር፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ እንዳልነበራቸው ዐይናቸው ይናገራል። ነገር ግን ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ጥርጣሬ ካለ ይገደል የሚል።

ያኔ እትየ ብርቄ ከምድጃው አጠገብ ተነሥተው ጉልበቷን ያዙ።

"ልጄ፣ ያንቺ አፍ ብቻ ነው የቀረኝ። የወንዜ ልጅ ነሽ። የለም በይና ልሂድ።"

እሷም እዚያው መሬት ላይ አብራቸው ተቀመጠች።

"እትየ፣ ለፋሲካ ዶሮውን ማን ያርዳል?"

"የልጄ ባል።"

"ማን ያጥበዋል?"

"እኔና ልጄ ነና። ማን ይሆናል ሌላ?"

"ልጅዎ ልጅ አላት?"

"አላት። ደረቷ ላይ።"

እትየ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ረዥም ጊዜ ምድጃውን አዩ። በመጨረሻ "እንግዲህ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ" አሏት።

አቶ ጌታሁን እስከ ማግሥቱ ምሽት ጊዜ ሰጡን። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ መንደር ይገባሉ። ከመድኃኒቷ የቀረው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነበር።

ጧት ስንመጣ ከሦስቱ ድስት አንዱን ብቻ ጥዳ፣ ቴርሞሜትሩን ውስጡ ነክራ አገኘናት። ውኃው ይንተከተካል።

"ኑ እዩት" አለችን። "እንዲህ እየፈላ ከዘጠና ሁለት አያልፍም። ትናንትም አይቼው ነበር። የሚያስፈልገኝ ዘጠና አምስት ነው፤ 'ሁለት ሦስት ዲግሪ ምን ታደርጋለች' ብዬ አለፍሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም።"

ተማሪ ሳለች አንድ ጊዜ ይህንኑ ሥራ በእጇ ሠርታው ነበር፤ ግን የተማረችበት ከተማ ከባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ ውኃው ሳይፈላ ዘጠና አምስት ይደርሳል። እዚህ ደጋ ላይ ውኃ ቀድሞ ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ ደግሞ እሳቱን ቢያከብዱበት ይተናል እንጂ አይጨምርም። በብልቃጧ ውስጥ፣ ከፓራፊኑ ሥር፣ ሙቀቱ ከዚያም ያንሳል።

"ገጾቹ አልተላቀቁም" አለች። "ምስኪኑ ጸሐፊ የተዘጋ መጽሐፍ ፊት ቁጭ ብሎ ዋለ።"

ቄስ መርሻ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ስሕተቱን እንዲህ በቀጥታ ስትናገረው፣ እኛን ያስጨነቀን ነገር ምድጃ ላይ እንደ ተጣደ ድስት ተራ ነገር ሆኖ ታየን።

"ዘይት ብናደርግስ?" አለ ደሳለኝ።

"ዘይት ብልቃጡን ያሟልጨዋል፤ ስከፍተውም ውስጥ ይገባል።"

የገበያ ቀን ነበር። በክሊኒኩ በር ፊት ከአፋር የመጣ ጨው የጫኑ አህዮች ያልፋሉ። ሁለተኛ ቃል ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ እንዲሁ እንደ ተከፈተ ቀረ። ከዚያ ነጭ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተነሥታ ወጣች። ጆንያ ይዤ ተከተልኋት።

ጨው ሻጩ ከላይ እስከ ታች አያት። "ምን ያህል ላድርግልሽ?"

"አንድ ድስት ውኃ ጠጥቶ እስኪጠግብ።"

"ይህን ሁሉ ጨው የሚጠጣ የምን ወጥ ነው?"

"የዶሮ።"

"በጾም! ኧረ ቀስ ብለሽ ተናገሪ እቴ፣ ቄስ እንዳይሰማሽ!"

"ቄሱ ናቸው የሚቆጥሩልኝ።"

ሰውየው ወደኔ ዞረ። "ይህች ሴት ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አልሁ። "ጨምርላት።" ቁራጭ መርቆ ጣለላት፤ ከኋላችን እየሳቀ ለጎረቤቱ ሲያወራ ይሰማኝ ነበር።

ጨውን በድንጋይ ወቅጠን፣ ከድስቱ ሥር አልሟሟ ብሎ እስኪቀር ጨመርን። ጨው የጠገበ ውኃ ለመፍላት ይዘገያል፤ ስለሚዘገይ የበለጠ ይሞቃል። አምስታችንም በቴርሞሜትሩ ዙሪያ አንገታችንን አሰገግን። ቀዩ መስመር ዘጠና ሁለት ደረሰና እንደ ትናንቱ የሚቆም መሰለ። አልቆመም። ዘጠና አራት። ዘጠና ስድስት።

"አለፈች!" ብሎ ጮኸ ደሳለኝ፣ ፈረስ ያሸነፈለት ይመስል።

ያን ቀን ሥራው ከትናንቱ ይብስ ነበር። ከጨዉ ውኃ አንዲት ጠብታ ብልቃጥ ውስጥ ከገባች የመጨረሻው መድኃኒት ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ቅርጫቱን እስከ ብልቃጦቹ አንገት ብቻ ታጠልቃለች፤ ስታወጣ የታች ጎናቸውን በጥጥ ታብሳለች። እሳቱን እትየ ብርቄ እንደ ሕፃን ያባብሉታል፤ ሲግል ዐመድ ይነሰንሱበታል፣ ሲደክም በእፍታ ይቀሰቅሱታል። ከመካከሉ ካለፍን በኋላ አንዱ ከሰል ፈነዳና ድስቱ ተንገጫገጨ፤ የፈላው ጨው እጇ ላይ ተረጨ። ቅርጫቱ በእጇ ነበር። ሁላችንም አየነው፤ ቆዳዋ ወዲያው ቀላ። ቅርጫቱ ግን አልተነቃነቀም። ቦታው አድርሳ፣ አጥልቃ፣ ሰዓቷን አየች።

"አባ፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋዎት" አለች።

"አልጠፋኝም ልጄ" አሉ ቄስ መርሻ። ከዚያ በኋላ ኪራላይሶን ሲሉ ለቆጠራ ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል። እትየ ብርቄ እያለቀሱ እፍ ይላሉ። እሷ እስኪያልቅ ድረስ እጇን አላየችውም።

ጋቢው መስኮቱ ላይ ተሰቀለ። አቶ ጌታሁን ሰዎቻቸውን ከውጭ አቁመው ገቡ። ሐምራዊው መብራት በራ።

በመጨረሻው ረድፍ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር፣ እንደ ፍም ብርቱካናማ፣ ቆማለች።

ከአፍታ በፊት በዓለም ላይ ያለ ዐይን ሊያየው የማይችል ነገር ነበር፤ በሦስት ድስትና በአፋር ጨው በዝቶ በዝቶ ከፊታችን ይነድዳል። እኔ ብዙ የሞተ ሬዲዮ ሲናገር ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

"ምስክሩ ተናገረ" አሉ ቄስ መርሻ በሹክሹክታ።

እሷ ገና አልተናገረችም። መብራቱን በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈች፤ የመብራቱን መስተዋት ጠርጋ ደገመችው። የዶሮዎቹ ረድፎች ሁሉ ጨለማ ናቸው። ሥራው እንዳልተበከለ እንዲያሳይ ውኃ ብቻ የገባበት ረድፍም ጨለማ ነው። ከዚያ ቀና አለች።

"አሁን የለም እላለሁ። የወፍ ጉንፋን አይደለም።"

አቶ ጌታሁን ግድግዳውን ተደግፈው ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ። እትየ ብርቄ እልል አላሉም። ጄሊው ላይ ጎንበስ ብለው "የኔ ዶሮ የትኛዋ ናት?" አሉ።

"ይህቺ ናት እትየ።"

"ጨለማ ነው እኮ።"

"አዎ፣ ጨለማ ነው።"

እትየ ብርቄ ረዥም ጊዜ አዩት። "ምን ያለ የሚያምር ጨለማ ነው" አሉ።

ነገሩ ሁሉ በደስታ አለቀ ብዬ አልዋሽም። ሽማግሌዎቹ እንዳሉት የፈንግል ምልክት ነበር፤ ፈንግል ደግሞ ከያዘ አይምርም። ከእትየ ብርቄ ዶሮዎች የተረፉት ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ያልታመሙት፣ ጉድጓዱ ይጠብቃቸው የነበሩት፣ በየቤቱ ቀሩ። በሚቀጥለው ቀን ደሳለኝና እሷ፣ እጇ በፋሻ እንደ ታሸገ፣ በሽታው ያልደረሰባቸው ቤቶች እየዞሩ የፈንግል ክትባት በዶሮ ዐይን ሲያንጠባጥቡ ዋሉ። ከአዲስ አበባ ውጤቱ ሲመጣ የእሷን ቃል ነው የደገመው። እሷ ያኔ ሄዳለች።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ውጤቱን ከተናገረች በኋላ ወደ ውጭ ወጣች፤ እትየ ብርቄም ተከተሏት። ከክሊኒኩ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ እትየ የተቃጠለ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በኽምጠኛ ብዙ ተነጋገሩ። ኽምጠኛ እሰማለሁ፤ ግን ርቀው ነበርና ድምፃቸው እንጂ ቃላቸው አልደረሰኝም። ስትመለስ ፊቷ እንደ ታጠበ ሆኖ ነበር።

አብረን የነበርን ሰዎች፣ ያጎደልሁትን ሙሉልኝ። ደሳለኝ የተቃጠለው ግራ እጇ ነው ይላል፤ እኔ ቀኝ ይመስለኛል። አቶ ጌታሁን፣ ጉድጓዱን ማን እንደ ደፈነው አላውቅም፤ ንገሩኝ። ቄስ መርሻ፣ መንደር ተመልሰው ለሕዝቡ የመሰከሩትን በቃልዎ ብሰማው እወዳለሁ። እትየ ብርቄ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ በዚያች ግድግዳ ሥር የተባባላችሁትን፣ ለሌላ ሰው የሚነገር ከሆነ፣ እርስዎ ይጨምሩበት። እኔ አልሰማሁትምና ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።